የሸሚዙ አራተኛ ቁልፍ

«ይሄ ለአባቴ ነው፤ የገና ስጦታ» ብላ ነጩን ሸሚዝ ለሻጩ ስታቀብል፣ አባቷ ራሱ ትልቅ ጥቅል ተሸክሞ የሱቁን በር በጀርባው ገፍቶ ገባ።

ልጅቷ ክው አለች። አጠገቧ የክፍል ጓደኛዋ ቆማለች። ለዚች ጓደኛዋ «አባቴ መሐንዲስ ነው» ካለቻት ዓመት ሊሞላት ነው። አባቷ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ በእግር በሚረገጥ መኪና ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው ነው። እናቷ ትተኩሳለች፤ ቁልፍ መትከል የእሷ የልጅቷ ድርሻ ነው። የሰፉትን ለየትኛው ሱቅ እንደሚያስረክብ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። ምን ቸገራት!

አባትየው አያት። ፊቱ በደስታ ሊፈታ ሲል ጓደኛዋን አየ፤ ቀጥሎ ወለሉ ላይ የተተከሉትን የልጁን ዓይኖች አየ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አሳልፊኝ» አላት፣ መንገድ ላይ ያገኛትን የማያውቃትን ሴት እንደሚል።

ፈቀቅ አለችለት። በቃ፣ ያደረገችው ይህንኑ ብቻ ነው። ጓደኛዋ «ውይ፣ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኗል» ስትል እንኳ አብራ ሳቀች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠቻት! ለእናቷ ሻሽ ስትመርጥ በቀለም ግማሽ ሰዓት ከሻጩ ጋር የተሟገተች ልጅ፣ ሲጠቀለልላት ቀና ብላ አላየችም።

ማታ ስጦታውን አውጥታ ሰጠቻቸው። እናቷ ሻሹን እዚያው አስራ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና መጠቅለያ ወረቀቱ ላይ የሱቁን ስም አየች።

«እንዴ! ይሄማ የእኛው ደንበኛ ሱቅ ነው። አባትሽም እኮ ዛሬ እዚያ ነበር፤ አልተገናኛችሁም?»

ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች።

«ሰው በዝቶ ነበር» አለ አባትየው።

ሸሚዙን ለበሰው። ለሰው ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ አዲስ ከለበሰ ስንት ዓመቱ! ትከሻው ላይ ልክክ አለ። ሲቆልፈው ግን አራተኛዋ ቁልፍ ተነቅላ እጁ ላይ ቀረች። ልጅቷ አየቻት፤ የክሩ ጫፍ አልተቋጠረም ነበር። ከጓደኛዋ ጋር ለመውጣት ስትጣደፍ እንዲያ የምትተክለው እሷ ነች። አንገትጌው ላይ የሱቁ ምልክት ስለተለጠፈበት የገዛ ቤቷን ሥራ ሳታውቀው ገዝታ መጥታለች።

አባቷም አወቀ። መርፌና ክር አቀበላት።

«ነይ፣ እላዬ ላይ እንዳለ ትከይልኝ።»

እንዲመቻት አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ ፊቱ አይታያትም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ታያለች። ክሩ በመርፌው ዓይን አልገባ አላት፤ አንዴ ሞከረች፣ ደገመች።

«አይቼህ ነበር፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ፣ አገጩን ሳያወርድ። «ቀስ በይ፤ እጅሽን እንዳትወጊ።»