ሞክሼዎች

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ተማሪ ቁጥሩን ለሦስተኛ ጊዜ ስትጽፈው ኮምፒውተሩ ያንኑ መለሰላት፤ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ታካሚ የለም።

ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ሰውዬ አልተቆጣም። የቀለም ቀቢ ቱታ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። የሚስቱን የቀጠሮ ወረቀት ገልብጦ አየና በመስታወቱ ቀዳዳ መልሶ አቀበላት።

"ቁጥሩ እሱ ነው፣ እህቴ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነው የታከመችው፤ እዚሁ ነው የሞተችው። የሞት ማስረጃ ለማውጣት የሚስትህን ካርድ አምጣ ብለውኝ ነው።"

ተማሪዋ በስም ልፈልግ አለችውና የሟቿን ስም ከነአባቷ፣ ዕድሜዋን፣ ሰፈሯንና ስልኳን ጠየቀችው። አንድ መዝገብ ብቻ ወጣ። ዕድሜው ሠላሳ አራት ይላል፤ ልክ ነው። ሰፈሩ ግን ሌላ ነው፣ ስልኩም ሌላ። የማይስማማ መድኃኒት በሚለው መስመር ላይ "የለም" ተብሎ ተሞልቷል።

"ባለቤትዎ የማይስማማት መድኃኒት ነበር?" አለችው። ለምን እንደጠየቀችው ለራሷም ገና አልገባትም።

"ፔኒሲሊን። የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ነው የታወቀው፤ ያኔም ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ካርዷ ላይ በቀይ ተጽፏል። አስታማሚ አይገባም ሲሉኝ እሺ ብዬ ውጭ የቆምኩት እሱን አምኜ ነው።"

ካርዱ ተፈልጎ እስኪገኝ ከሰዓት እንዲመለስ ነገረችው። አመስግኗት ሄደ።

የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪ ናት፤ አራተኛ ዓመት። የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ ማስገባት የመመረቂያ ፕሮጀክቷ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ጣራ በሚነኩት መደርደሪያዎች መካከል፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሠርታለች። ሽማግሌው እዚህ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ጋሼ ካርድ ነው የሚላቸው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ፊቱን አይተው ካርዱን ከመደርደሪያ የሚመዙ ሰው ናቸው። ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥ፣ የአዋቂ ከሕፃን እንዴት እንደሚለይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሷ በፈንታዋ ኪቦርድ አስተማረቻቸው። በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም እየለቀሙ፣ ቀይ ካርድ የሚሏቸውን፣ በቀይ የተጻፈባቸውን ካርዶች ማስጠንቀቂያ አንድ በአንድ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ነግረዋት ነበር። "ስምና የአባት ስም አይበቃም፤ አገሩ በሙሉ ሞክሼ ነው። የእናት ስም የምንጠይቀው ለወሬ አይደለም" ብለዋት። ይህንኑ ለአማካሪ መምህሯ አቀረበች። መምህሩ አሰበና የእናት ስም ለመጨመር አሥራ አንድ ሺህ ካርድ እንደገና መግለጥ እንደሚያስፈልግ፣ ለዲፌንስ፣ ለመመረቂያ ፈተናዋ፣ እንደማትደርስ፣ "ወደፊት የሚሻሻል" በሚለው ምዕራፍ ብታስገባው እንደሚሻል ነገራት። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ደክሟት ነበር።

ከዚያ የተደጋገሙ መዝገቦችን ከዳታቤዙ የሚያጠፋ ትእዛዝ ጻፈች። ስም፣ የአባት ስምና ጾታ ከተመሳሰለ፣ ዕድሜውም ከሁለት ዓመት በላይ ካልተራራቀ፣ ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ሰው ናቸው፤ አዲሱን አቆይ፣ አሮጌውን አጥፋ። አንዴ ስትጫነው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መዝገብ ጠፋ። ትምህርት ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ 'ማጽዳት' ነው የሚሉት። ቁጥሩ መምህሩን አስደሰተው። የሆስፒታሉ ዳይሬክተርም ሙከራው እስኪያልቅ አልታገሡም፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስክሪን አስቀመጡና ነርሶቹ ከዚያ እንዲያነቡ አዘዙ።

አሁን የለውጦቹን መዝገብ ከፈተች። ዳታቤዙ የነካውን ሁሉ የሚጽፍበት ነው። የጠፋው ቁጥር ያ በመስኮቱ የተቀበለችው ቁጥር ነው። የተካው ቁጥር ሌላ ሰፈር የምትኖር፣ ባለፈው ወር ዓይኗን የታከመች፣ በሕይወት ያለች ሴት ቁጥር ነው፤ ባለፈው ሳምንት ነርሶቹ በስም ፈልገው ያነበቡት የእሷን 'የለም' ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። ያደረገው ሰው በሚለው ቦታ ላይ የእሷ ስም።

ይህንን መስመር የሚያጠፋ ትእዛዝ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ጻፈችው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ ሰረዘችው። ደግነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ያጠፋሁትም ይታወቅብኛል ብላ ነው።

ጋሼ ካርድን ጠርታ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ወደ ውስጥ ገቡና የሟቿን ወረቀት ካርድ ይዘው ተመለሱ። ከላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በቀይ፦ ፔኒሲሊን አይሰጣት። ቀጥለው የቀይ ካርዶችን ቁጥር የሚይዙበትን ደብተራቸውን አወጡ። እሳቸው እያነበቡ እሷ እየፈለገች፣ ከጠፉት መዝገቦች መካከል አሥራ ሰባቱ ቀይ ሆነው ተገኙ። ከአሥራ ሰባቱ የትኛው የአንድ ሰው፣ የትኛው የሞክሼ እንደሆነ ወረቀቱ ሳይገለጥ አይታወቅም።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ደወለች። ሰርቨሩ ተበላሽቷል፣ ዛሬ በስክሪኑ አትሥሩ፣ ካርድ ጠይቁ አለቻቸው። ውሸቱ በቀላሉ ወጣላት።

ቀጥላ ለመምህሩ ደወለች። ሲሰማት ቆይቶ ሌላ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ጠየቃት። ከዚያም የሆስፒታሉን ጉዳይ ከፕሮጀክቷ ጋር እንዳትቀላቅል፣ ዲፌንሱ ነገ አራት ሰዓት ላይ መሆኑን፣ ከፈተናው በኋላ ተቀምጠው እንደሚነጋገሩበት አስረዳት። ድምፁ የዋህ ነበር፤ እሱም እንደፈራ ገባት። ስልኩን ስትዘጋ የእናቷን መልእክት አየች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የምረቃ ቀሚሷን ከጉልበት በታች ላድርገው ወይስ ጉልበት ላይ ላቁመው ትላለች። 

ጋሼ ካርድ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት ኖሯል። ከዳይሬክተሩ ነው። በሟች ካርድ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ወደ ኮምፒውተር ያልገባበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ይላል።

"እርስዎ እኮ አስገብተዋል" አለች። "መዝገቡ ላይ አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ያችን ካርድ እንዴት እንዳስገባኋት አልረሳም፤ 'ፔኒሲሊን' የሚለውን ቃል ስፈልግ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።" ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ወረቀት አውጪ። የኔ ጽሑፍ አይነበብም፤ አንቺ ጻፊልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ዓይኔ ደክሞ ቀዩን ሳልገለብጥ ቀረሁ በይ።"

"ጋሼ፣ ሰው ሞቷል። ሊያስሩዎት ይችላሉ።"

"ለጡረታ አራት ወር የቀረውን ሽማግሌ ይቆጡታል፣ ያባርሩታል፣ ከዚያ ይረሱታል። አንቺን ግን ገና ሳትበቅዪ ነው የሚነቅሉሽ።" መደርደሪያዎቹን አዩ። "የኔዋ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ቀረች። እስከ ዛሬ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ያንን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ጻፊ።"

እሺ አለች። ራሷን ጠላችው፤ ግን እሺ አለች፣ ወረቀትም አወጣች።

"'ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር' ብለሽ ጀምሪ" አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ይነግሯት ጀመር። 'እኔ' ሲሉ 'እኔ' ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ እጇ ቆመ። እሳቸው ጥፋተኛ ከተባሉ ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ነገ ጠዋት ሰርቨሩ ተጠገነ ይባላል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ከአሥራ ሰባቱ አንዱ በድንገተኛ ክፍል በር ይገባል፣ ነርሷም 'የለም' የሚለውን ታነባለች። ዓይኗን የታከመችውም ሴት አለች፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለፈው ሳምንት የሞተችው እሷ ናት።

እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። እሳቸው ዝም ካሉም በኋላ ስትጽፍ ቆየች። ገጹ ሞላ፤ ገለበጠችው።

ዓይናቸውን ገልጠው እጇን ተመለከቱ። "ይህን ሁሉ አልነገርኩሽም።"

"አልነገሩኝም።"

"እንግዲያ ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"የአሥራ ሰባቱን ቁጥር።"

ለመፈረም የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። ብዕሩን አልሰጠቻቸውም። ከግርጌው የራሷን ስም ጻፈችና ፈረመች። ሽማግሌው ወረቀቱን ሊነጥቋት የሚችሉ መሰለ፤ አልነጠቋትም። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፊታቸው ያለ መነጽሩ በጣም ያረጀ ነበር።

"እናትሽስ?" አሉ በመጨረሻ።

ወረቀቱን ሁለት ላይ አጠፈችው።

መስታወቱን ሰው በጣቱ አንኳኳ። ቀለም ቀቢው ተመልሷል። አሁን የክት ልብሱን ለብሷል፤ ፀጉሩንም በውኃ አበጥሯል። ጋሼ ካርድ የሟቿን ካርድ አንስተው በቀዳዳው ሊሰጡት ብድግ አሉ።

"ይተዉት፣ እኔ ልስጠው" አለች።

ካርዱንም የፈረመችበትንም ደብዳቤ ያዘች። በቀዳዳው አላሳለፈችለትም፤ በሩን ከፍታ ወደ እሱ ወጣች።