ባሕር ላይ ሳሉ የተሰጠ ድምፅ

ክላይድ ክኒክልን ብትጠይቁት «ሕጉ ነው» ይላችኋል። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።

እኛ የሉነንበርግ ወደብ ዓሣ አጥማጆች የራሳችን ብሎክቼን፣ የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ፣ አለን። ሎብስተሩ፣ ባለ መቆንጠጫው የባሕር እንስሳ፣ በማን ጀልባ፣ የት፣ መቼ እንደተያዘ እዚያ ላይ ይሰፍራል፤ ከሰፈረ በኋላ የሚነካው የለም። ትንሽ ነው፤ ግን የራሳችን ነው፤ የሚመራውም በራሳችን ድምፅ ነው። ብዙ ብሎክቼኖች ከሚገናኙበት ትልቁ መረብ ጋር የሚያገናኘን አንድ ድልድይ ነበረን። ሩቅ አገር ያለ ገዢ የወንድሜን የሎርንን ሎብስተር አምኖ ከእጁ የሚገዛው በዚያ ድልድይ በኩል እያየ ነበር። ድልድዩ ከተዘጋ ሎርን ተመልሶ ደላላ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

በትልቁ መረብም ላይ ድምፅ አለን። ድምፃችንን ክላይድ ጋ አደራ አስቀምጠናል፤ መረቡንም የራሳችንንም ብሎክቼን ከሚጠብቁት አንዱ ነው፣ ኮምፒውተሮቹም እዚሁ የዓሣ በረዶ ይከማችበት በነበረው አሮጌ በረዶ ቤት ውስጥ ናቸው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ራስህ ከመረጥክ ያንተው ይቆጠራል፤ ዝም ካልክ ክላይድ የመረጠው ያንተ ምርጫ ይሆናል። የኛው ልጅ ነው፣ ምን ያደርገናል አልን።

የሎብስተር ወቅት የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ጀልባው ሁሉ ገና ሳይነጋ ወጥመድ ጭኖ ወጣ። በዚያው ቀን ማታ በትልቁ መረብ ላይ በአንድ ሐሳብ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ያበቃ ነበር፤ «ትንንሾቹ ብሎክቼኖች ለደኅንነት ስለማያስተማምኑ ድልድያቸው ይዘጋ» የሚል። እኔ ከቁርስ በኋላ «አይዘጋ» ብዬ መርጬ የመራጮቹን ዝርዝር ሳይ፣ ክላይድ «ይዘጋ» ብሏል። ኧረ ጉድ! ኮቴን እንኳ ሳልቆልፍ በረዶ ቤቱ ደረስኩ።

«አንተ! ምን ነካህ? የገዛ ድልድያችንን?»

«ቬርና፣ ተረጋጊ እንጂ። የመረቡ ትልልቅ ጠባቂዎች አብሬያቸው ከቆምኩ ብዙ አደራ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። እኔ ካደግሁ ለናንተም እኮ ነው።»

«ለኛ? በየት በኩል? ድልድዩ ተዘግቶ?»

«ያልተስማማው ራሱ ይምረጥ። ማን ከለከለው?»

«ባሕር ላይ ናቸው እኮ! እዚያ ስልክ እንደማይሠራ ጠፍቶህ ነው? አባትህ ያረጀው የት ሆነና!»

«ሕጉ ነው» አለኝ አፉን ሞልቶ።

«እስከ ማታ መቀየር ትችላለህ። ቀይረው።»

«አልቀይርም።»

ይሄ ዓይን አውጣ! በጀልባ ሬዲዮ ሎርንን ጠራሁት። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል።

«ሎርን፣ ክላይድ ድልድዩ ይዘጋ ብሎ መርጧል! ስልክ የሚሠራበት ድረስ ተመለሱ!»

«ክላይድ? እሱ እንዲህ አያደርግም። ተሳስተሽ ነው፣ ደግመሽ እዪው» አለኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ክላይድን አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ። ሎርን ሲያምነኝ መሽቷል።

«ይዘጋ» አሸነፈ። ያሸነፈበት ልዩነት ክላይድ ጋ አደራ ካስቀመጥነው ድምፅ ያንሳል። እንግዲህ የዘጋነው እኛው ነን!

የራሳችን ብሎክቼን ግን አሁንም የራሳችን ነው። ክላይድ ከራሳችን ጠባቂዎች ይሰናበት የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። እዚህ በሌላ ሰው ፈንታ የሚመርጥ የለም፤ ዝም ያለ፣ ዝም እንዳለ ይቆጠራል። በማግስቱ ሁሉም ከባሕር ሲመለስ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ክላይድም መጣ።

ሎርን እርጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ገብቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ነበር።

«እኔ ባሕር ላይ ሳለሁ ምን አልኩ?» አለው።

«ሕጉ...» ብሎ ጀመረ ክላይድ።

«ንገረኝ እንጂ! ስለ እኔ የተናገርከው አንተ አይደለህ? ምን አልኩ?»

«ይዘጋ» አለ ክላይድ፣ ጭንቅ ብሎት።

ሎርን ስልኩን አወጣ። ጨው በሰነጠቀው አውራ ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ድምፁን ሰጠና ለክላይድ አዞረለት።

«አንብበው» አለው። «ይሄኛው የራሴ ነው።»