ቅጹ ላይ ያልሰፈረው ስም

ክሊቭላንድ ውስጥ ሃርዊክ ግቢ የሚባለው የእኛ የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ሊፈርስ ነው መባሉን ከሰማን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ከመንገዱ ማዶ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ግን ነገሩ ወሬ መሆኑ ቀረ። ግማሹ ቤት ሙሉ ኪራይ መክፈል ለሚችሉ፣ ግማሹ ለእኛ ለነባሮቹ ነው ተባለ። ይሁንና ነባር መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ቅጽ መሙላት፣ ቤት ማስፈተሽ፣ አብሮኝ የሚኖረው ይሄ ነው ብሎ መፈረም አለ።

ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኧርሊን ፕሩዊት ትኖር ነበር። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ እዚያው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። ቅጹ ላይ የነዋሪ ብዛት በሚለው ቦታ “አንድ” ብላ ጻፈች። ውሸቷን ነው። ታናሽ ወንድሟ ሮስኮ አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ከወጣ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። የእስር መዝገብ ያለበት ሰው አብሯት እንዳለ ከታወቀ አዲሱን ቤት ልታጣ ትችላለች። አሮጌው ደግሞ መፍረሱ አይቀርም።

ፍተሻው ለሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ። ረቡዕ ማታ በሬን አንኳኳች።

“ጁዋኒታ፣ ነገ ሮስኮን አንቺ ጋ ላቆየው?”

“ዕቃውስ?”

“ሁለት ሱሪና አንድ ቦት ጫማ ዕቃ ከተባለ፣ እሱንም ይዞ ይመጣል።”

ሐሙስ ዕለት ሮስኮ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ኮርኒሱን ያያል። የእኛ ሕንፃ ወለል ስስ ነው፤ ከላይ የሚረግጥ ሰው ራስሽ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስልሽ። የፈታሿ ጫማ ተረከዝ አለው፤ የኧርሊን ሸበጥ ከኋላዋ ይጎተታል።

“መታጠቢያ ቤት ገባች” አለ በሹክሹክታ።

“ዝም በል።”

“መላጫዬን አንስቻለሁ። ያነሳሁ መሰለኝ።”

“መሰለኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው?”

“እስር ቤት ሲፈትሹን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፣ ጁዋኒታ።”

ተረከዙ ሳሎን መጣና ልክ ሶፋው ያለበት ቦታ ቆመ። ቆየ። ሮስኮ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

ኧርሊን ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። “አለፍኩ” አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ የለም። “ብቻሽን ነሽ ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት። እንዲሁ፣ ቀለል አድርጌ።”

“ደግ አደረግሽ፣ እህት ዓለሜ” አላት ሮስኮ።

ቅዳሜ ኧርሊን ከገበያ ስትመለስ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ሶፋው ላይ ነበር። ሮስኮ የለም፤ ስልክ አያነሳም። ጥር ነው፤ የሐይቁ ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በእኔ መኪና የቤት አልባዎች መጠለያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውን አዳረስን። ሰኞ ጠዋት ሳንቲም እየተከተተ በሚታጠብበት የልብስ ማጠቢያ ቤት አገኘነው። የሌላ ሰው ልብስ የሚያደርቅ ማሽን ተደግፎ ይሞቃል።

“ተነስ” አለችው።

“አንቺ ግቢ፣ ኧርሊን። እኔ ካለሁ ቁልፉን አይሰጡሽም።”

“አንተ ነህ ይሄን የምትወስነው? ፊትህን አይተኸዋል? ተነስ አልኩህ፣ ሰው ፊት ሳልመታህ!”

የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሰውዬ እንደ ልጅ ተነሳ።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ቤቶቹ ቢሮ ወሰደችን። ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ ቅጹን አውጥታ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ሚስ ፕሩዊት፣ ይሄን ካስተካከሉ ፈቃድዎ ይታገዳል። ጉዳዩን የሚያይ ጉባኤ ፊት ይቀርባሉ። ሊከለክሉዎትም ይችላሉ።”

“ገብቶኛል። እስኪብርቶ አለሽ፣ የኔ ልጅ?”

“አንድ” የሚለውን ሰርዛ “ሁለት” ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የሮስኮን ሙሉ ስም።

ስድስት ሳምንት ጠበቀች። ጎረቤት በየተራ ወጣ፤ ባዶ መስኮቶች በጣውላ ተመቱ። እኔም ቁልፌን አገኘሁ። ዕቃዬን ሳወርድ እንዳታየኝ አፍሬ በኋላው ደረጃ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ሾርባ አሳረረች፤ እሷ፣ በዕድሜዋ አሳርራ የማታውቀው።

ጉባኤው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሮስኮን ስለ ሥራው፣ ስለ ጠባዩ ጠየቁት። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ኧርሊን ዞረ።

“ለምን ዋሹ?”

“ፈርቼ። አሁንም ፈርቻለሁ፤ እጄን እዩት።”

እጇን ዘረጋች። ሦስቱም አዩት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሮስኮ አብሯት እንዲኖር ለአንድ ዓመት በሙከራ ተፈቅዶለታል። አዲሱ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታው ቤት ግን ለሌሎች ተሰጥቶ አልቋል፤ የተሰጣቸው አራት መንገድ አልፎ ያለ፣ የታደሰ አሮጌ ቤት ነው። ኧርሊን ደብዳቤውን ይዛ እኔ ጋ መጥታ አለቀሰች። ደስታ ይሁን፣ ከእኛ መለየቷ ይሁን፣ ራሷም አላወቀችውም።

እሁድ እሁድ እጠይቃቸዋለሁ። ሮስኮ የጓሮውን አጥር እየጠገነ ነው። በር ሲንኳኳ መዶሻውን ያስቀምጥና ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሙከራው ዓመት ሊሞላ ሰባት ወር ይቀረዋል።