የመምህር ይኸነው ማርክ መሙያ

«ይሄን ማሽን ማነው ፎርማት ያደረገው?» ፀደይ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ጮኸች።

«እኔ ነኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አሉ የኮሌጁ ዲን አቶ ሀብቱ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆመው። «ዛሬ ከባሕር ዳር ኮሌጁን የሚገመግሙ እንግዶች ይመጣሉ። ሌላው ሁሉ ዊንዶውስ ሆኖ እሱ ብቻ የማይታወቅ መልክ ይዟል። ቫይረስ የበላው ነው የሚመስለው። አጽድቼ ዊንዶውስ ጫንኩበት። ልታመሰግኚኝ ነበር የሚገባሽ።»

በዚህች የዳንግላ የግል ኮሌጅ የማሽን ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ሲዘገይ ፎርማት፣ ሲቆም ፎርማት፤ እንግዳ የመጣ ዕለት ደግሞ የግቢው ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ፀደይ ግን እዚያ ማሽን ላይ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ጭና ሦስት ወር ሙሉ ደክማበታለች፤ ሥራዋም የሚሠራው እሱ ላይ ብቻ ነበር። እርር ድብን አለች።

ሥራው ለመምህር ይኸነው ነው። የአዘና ተወላጁ መምህር ይኸነው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሥነ ዜጋ ያስተምራሉ። ማርካቸውን ሁልጊዜ የሚሞላላቸው ሌላ ሰው ነበር። ባለፈው ሴሚስተር የአንዱ ተማሪ አርባ አንድ፣ ሰንጠረዡ ላይ ሰባ አንድ ሆኖ ተገኘ። ማን እንደጻፈው የጠየቀ የለም፤ ጣት የተቀሰረው በእሳቸው ላይ ነው። አቶ ሀብቱም «ማርክዎን ራስዎ መሙላት ካልቻሉ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ክፍል አይገቡም» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

ፀደይ ይሄን ሰምታ ነው ማሽኑ እንዲለምደው የእሳቸውን ድምፅ ስትቀዳ የከረመችው። መምህሩ ማይክሮፎኑ ላይ የተማሪውን ቁጥርና ማርኩን ሲናገሩ፣ ማሽኑ ሰምቶ ሰንጠረዡ ላይ ይጽፋል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በእንግዶቹ ፊት ከሠራ፣ ይኸነው ክፍላቸው ውስጥ ይቆያሉ። ካልሠራ አበቃ።

ቅጂዎቹ በፍላሽ ተርፈዋል። የጠፋው እነሱን የሚያነበው ሶፍትዌር ነው። ኡቡንቱ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፋ ነበር የጫነችው፤ ላይብረሪ የሚባሉት አጋዥ ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን እየጠራ ሁሉም ራሱ መጥቶ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ለየብቻ ፈልጎ ማውረድ ሊኖርባት ነው። ዋናውን ጫነች፤ የማይክሮፎኑን ላይብረሪ አምጪ አላት። እሱን አወረደች፤ ለካ በችኮላ የባለ ሠላሳ ሁለት ቢቱን ነው የወሰደችው፣ ማሽኑ የሚፈልገው ግን ባለ ስድሳ አራቱን ነው። ትክክለኛውን ማውረድ ጀምራ ሰማንያ ሁለት በመቶ ላይ ስትደርስ ኔትወርኩ ሄደ። ኡቡንቱን መልሳ ብትጭንም ላይብረሪዎቹን የሚያመጣው ያው ኔትወርክ ነው።

ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። የከተማው ኔትወርክ በሙሉ ጠፍቷል። ስልኩ ላይ አፍጥጣ ስትሻገር አንድ ባለ ጋሪ ሊገጫት ለጥቂት ሳታት፤ ሰደባት። መልሳ ሰደበችው፤ እሱም ደነገጠ፣ እሷም ንዴቷ አልወጣላትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሀብቱ ተመልሰው መጡ።

«እህስ?»

«አልሆነም። ነገ እናሳያቸው።»

«ነገማ የት ታገኚያቸዋለሽ? ዛሬውኑ ይመለሳሉ። ስሚ፣ መላ አለኝ። ያንን ገመድ አልባ ኪቦርድ ይዘሽ ከኋላ ትቀመጫለሽ። እሱ ሲናገር አንቺ ትጽፊያለሽ። እንግዶቹ የሚያዩት ስክሪኑን ነው።»

«ጋሼ ይኸነውስ?»

«እሱ ምን ያያል?» ብለው ሳቁ። «ደግሞ ለእሱው ብዬ ነው። እንጀራው እንዲተርፍለት አትፈልጊም?»

ያንን ሳቃቸውን በጥፊ ብትመልስላቸው ደስ ባላት። ግን የመጨረሻው ቃል አሰራት። እንቢ ብትል ሰውየው ከሥራ ሊወጡ ነው። ኪቦርዱን አነሳች፤ ከሀብቱ ይልቅ በራሷ ተናደደች።

ስምንት ሰዓት ላይ መምህር ይኸነው በበትራቸው መንገዱን እየዳሰሱ ገቡ። ኮታቸው ተተኩሷል።

«እታለም፣ ድምፄ እንዳይዘጋ ብዬ ማር ልሼ መጣሁ» አሏት በሹክሹክታ። «ማሽንሽ እንዴት አድሯል?»

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች። ወንበሩንም ሳበችላቸው።

ሦስቱ እንግዶች ከፊት ተደረደሩ። ፀደይ ከኋላ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ይኸነው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ።

«ቁጥር አራት። ማርክ፣ ሃምሳ ሰባት።»

ጣቷ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ አራትና ሃምሳ ሰባት ብቅ አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አቶ ሀብቱ ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ።

ይኸነው ፊታቸው በራ። «ማሽን ዘመድ የለው፣ ወገን የለው፤ የሰማውን ነው የሚጽፈው» አሉ ወደ ጭብጨባው ዞረው። «ዛሬ ገና ማርኬን የሰው እጅ ሳይነካው ሞላሁ።»

ፀደይ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ተነስታ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ኪቦርዱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። እጃቸውንም ይዛ ቁልፎቹ ላይ አሳረፈችው።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ዛሬ ጠዋት ፎርማት ተደርጎ ሥራችን ጠፍቷል። ከኋላ ሆነሽ ጻፊ ተባልኩ፤ እሺ ብዬ ጻፍኩ።»

«ፀደይ!» አሉ አቶ ሀብቱ።

«ፎርማት ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ጻፊ ያሉኝም እሳቸው ናቸው» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ይኸነው ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጠፍቶ መንጋጋቸው ጠበቀ።

«እታለም» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን ሃምሳ ሰባት ሰርዢልኝ።»

ፀደይ እዚያው አጠገባቸው ተንበርክካ ሰረዘችው።