የአባባ መርስዔ ኀዘን የቁም ተዝካር

አባባ መርስዔ ኀዘን እህል አልቀምስም ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አገርነሽ ጉርሻዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሽማግሌው የሟች ባሏ አባት ናቸው። ባሏ ኦጋዴን ዘምቶ ሲቀር የተወላት ውርስ ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስታጥባቸው ይሰድቧታል፣ ስታጎርሳቸው ይሰድቧታል። ሰሞኑን ግን ስድቡንም ተዉት፤ ያስፈራት እሱ ነው።

«አሁን ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ልሙት።»

«ይሙቱ፤ ግን በልተው ይሙቱ። እንዲህ አጥንትዎ ገጦ ቢገነዙ በረሃብ ገደለቻቸው ነው የምባለው።»

ከግድግዳው ዞር ብለው የሆዳቸውን አወጡት። «ልጄ የለ፤ መሬቴን አዋጅ ወሰደው። ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል?»

«እኔስ ምን ሆኜ?»

«አንቺማ በማግስቱ አልጋዬን ትሸጭዋለሽ።»

አስባበት ስለነበር አልካደችም። «እንግዲያው አሁኑኑ ላውጣልዎት፣ በቁምዎ። ግን ይበላሉ!»

ወራሽ የሌለው ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ማውጣቱ ድሮም ያለ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር አስማማው ግን ድግስ የአድኃሪ ልማድ ነው ብሎ ከልክሏል። አገርነሽ የዳጉሳ ጠላ ጠነሰሰች። አስማማው ሽታውን ተከትሎ ከች አለ።

«ጓድ አገርነሽ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የውይይት ክበብ።»

«በጠላ?»

«ያለ ጠላማ ስትሰበስበን ሁላችንም እንተኛለን፤ አይተኸን የለ?»

አስማማው ጢሙን ዳሰሰ። እሑድ ዕለት መጀመሪያ የተቀዳው ለሱ ነው።

ቄሱ ጸሎታቸውን ደገሙ፣ ጎረቤት ሞላ። አባባ ነጭ ለብሰው መሐል ተቀመጡ፤ የዓሣ ወጥ ቀረበላቸው። አልነኩትም። አገርነሽ አንጀቷ አረረ። ይህን ሁሉ ደግሳ፣ ቀበሌን ዋሽታ፣ ሰውዬው ከነረሃባቸው ሊሄዱባት ነው።

ወዲያው ከደጅ ጩኸት ተሰማ። እህታቸው አደይ ናቸው። በአንዲት ላም ተጣልተው ከወንድማቸው ጋር ሳይነጋገሩ ስንት ዘመናቸው! መንደራቸው ዘንዘልማ ሆነው የመርስዔ ኀዘን ተዝካር ነው ሲባል ሰሙ፤ በቁሙ ነው ያላቸው ሰው የለም። ምርኩዛቸውን ጥለው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

«ወንድሜን! ሳልታረቅህ! ቀብርህን ሳልደርስ! አንተ ለጋሱ፣ አንተ የደሀ አባት!»

ዐይናቸው ደካማ ስለሆነ ሟቹ ፊት ቆመው ነው የሚያለቅሱት። አባባ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቀጥይ እንጂ» አሉ።

አደይ ክው አሉ። ጠጋ ብለው የወንድማቸውን አፍንጫ በጣታቸው ዳሰሱ። «አንተ ውሻ! እኔ መንገዱን ሙሉ እያለቀስሁ ስመጣ አንተ ወጥ ፊት ተጎልተሃል?»

«ለጋስ ያልሽኝስ?»

«አንስቼዋለሁ! ንፉግ! የላም ሌባ!»

«ላሟ የኔ ነበረች!»

«ዝም በል!» አደይ የጡጫ ያህል ጉርሻ ጠቅልለው ወንድማቸው አፍ ውስጥ ወተፉት። አባባ አኘኩ። ዋጡ። መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሌላ ተጨመረላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አገርነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ጉሮሯቸውን እያየች ከሳቸው ጋር ትውጥ ነበር። ደግሞም ተናደደች። ያን ሁሉ ቀን ስትለማመጣቸው የት ነበረ ይሄ አፍ?

ሲመሻሽ እንግዳው ሁሉ ሄደ፤ አደይ ግን ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተመቻቹ።

«እማማ፣ ሊከርሙ ነው እንዴ?» አለች አገርነሽ።

«እንግዲህ ይኼ እስኪሞት ነዋ! ሁለቴማ አልመላለስም።»

አንድ ሽማግሌ አቅቷት ሁለት ሆኑባት። አገርነሽ የት እንደምታስተኛቸው እያሰላሰለች እንጀራ ልትጨምር ተነሳች።

«መሞቱስ ገና ነው» አሉ አባባ፣ አፋቸው እንደ ሞላ።