ጤነኛዋ እህት

«ብረት ነክ ነገር አንድም እንዳይቀር» አለ የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያውን የሚያሠራው ባለሙያ። ፅናት ጉትቻዋን አውልቃ ለእናቷ አቀበለች። ቀለበቱ ግን አልወጣ አለ። እጮኛዋ ማቲያስ ካሰረላት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ብትስበው ብትስበው ንቅንቅ አላለም።

«በሳሙና ሞክሪው። ምን ያስጨንቅሻል?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ሕብረት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሚያስጨንቃትንማ እሳቸውም ያውቁታል። ጠዋት ሦስቱም ከጊዮርጊስ ቁልቁል በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወደ ሆስፒታሉ የወረዱት ለጥናት ነው። መንታ ወንድሟ እንድሪያስ የመጣው ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት ታማሚ ሆኖ ነው፤ እሷ ጤነኛ ሆና። የጥናቱ ዓላማ በሽታው የወንዱንና የሴቷን አንጎል ቅርጽ በተለያየ መንገድ ይለውጥ እንደሆነ ማየት ነው። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ እህት ወይም ወንድም ሲጠየቅ፣ ወይዘሮ ሕብረት እምቢ ቢሉ «ለምን?» መባሉን ፈርተው «አለችን!» አሉ።

ካቻምና ሁለቱም ታመው ነበር። እንድሪያስ የጎረቤት መስኮት ሰበረና ሆስፒታል ተወሰደ። ፅናት ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ሳትተኛ ስትዘምር ሰነበተች። የጸሎት ቤቱ ሰው «መንፈስ ሞላባት» ብሎ አጨበጨበላት። ከዚያ ሁለት ወር ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት «ጾም ጸሎት ይዛለች» ተባለ። ወንድ ሲታመም ታመመ ይባላል፤ ሴት ልጅ ግን ነገ የምትዳር ናት። መምህር ሆነው በክፍል ውስጥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ የሚያስተምሩት ወይዘሮ ሕብረት፣ የእንድሪያስን ክኒን በቢላ እየገመሱ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእሷ ማደል ጀመሩ። እሱ ከቀድሞውም የሚሰጡትን አያይም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል።

ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ዓለምጸሃይ የደም ውጤት ይዘው ገቡና እንድሪያስ ፊት ቆሙ።

«መድኃኒቱ በደምህ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። በትክክል እየዋጥክ አይደለም።»

«እማ የሰጠችኝን ሁሉ እውጣለሁ፣ ዶክተር።»

«እንድሪያስ፣ አትዋሸኝ። እንዲህ ከሆነ አስተኝተን በዓይናችን እያየን ነው የምንሰጥህ።»

«እኔ አልዋሸሁም!» አለ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ወይዘሮ ሕብረት የቦርሳቸውን ዚፕ ከፍተው ዘጉ። «አንዳንዴ ይረሳል» አሉ።

የፅናት ሕመም ተሸፍኖ እንዲኖር ወንድሟ ውሸታም ሊባል፣ ሆስፒታል ሊተኛ ነው።

ዶክተሯ ወደ እሷ ዞረው ቅጽ ሰጧት። «አንቺ እዚህ ጋ፣ ጤነኛ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ሴት ስላገኘን ደስ ብሎናል። ታማሚ ሴቶችማ ጭራሽ አይመጡልንም፤ ቤተሰብ የሚያመጣልን ወንዶቹን ነው።»

«ቶሎ ፈርሚ» አሉ ወይዘሮ ሕብረት ክርኗን ጨበጥ አድርገው። «ማቲያስ ፒያሳ ለምሳ እየጠበቀሽ ነው።»

ማቲያስ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? አላወቀችም፤ አለማወቋም አስፈራት። ወንድሟን አየችው፤ በእጅጌው ፊቱን እየጠረገ ነው።

«ዶክተር፣ እንድሪያስ አልዋሸም» አለች። «የመድኃኒቱን ግማሽ የምውጠው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ፅናት!» አሉ እናቷ።

ዶክተር ዓለምጸሃይ እናትየውን አንድ ጊዜ፣ እሷን አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ቅጹን ቀስ ብለው ወሰዱና ሌላ አመጡ። «እንግዲያው በመጀመሪያ የታካሚ ካርድ እናውጣልሽ። የዛሬው ምርመራ ይቆያል።»

ስሟን ጻፈች፤ ዕድሜዋን ጻፈች። ሲያስፈልግ የሚደወልለት የተጠሪ ስም ከሚለው መስመር ስትደርስ ወይዘሮ ሕብረት በቀጭን ድምፅ «የኔን አድርጊው፣ ልጄ» አሉ።

ፅናት ጥቂት አሰበችና የማቲያስን ስም ከነስልክ ቁጥሩ ጻፈች።