ቀዩ ሞላ

ጌድዮን ፒክአፑን ዝቅ ያስደረገው ለማማር ብቻ ነው። ቢጠየቅም ሌላ ምክንያት አይኖረውም። የኢሉባቦርን መንገድ የሚያውቅ ሰው መኪናውን ከፍ ያስደርጋል እንጂ ዝቅ አያስደርግም፤ ግን በዚያ ዓመት መቱ ውስጥ ሰርግ የሚያጅብ ወጣት ሁሉ መኪናው መሬት ለመሬት ካልተሳበች ሰው የሆነ አይመስለውም ነበር። ከኋላ ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተነካካ። ከፊት ፋብሪካው የገጠመው ሞላ፣ ጎማውን የሚያነጥረው ጥቅልል ብረት፣ ወጥቶ በምትኩ አጠር ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ "የስፖርት ነው" እየተባለ የሚሸጥ ሞላ ገባ። ማን እንደሠራው ሻጩም አያውቅም። አንዱን ጥንድ ጌድዮን፣ ሌላውን ጥንድ ጓደኛው ወሰዱና በአንድ ቀን፣ በአንድ ጋራዥ አስገጠሙ።

የጓደኛው ስም ደግሞ ሞላ ነው። ስሙን ያወጡለት አያቱ ስለ መኪና አንዳች የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቤቱ ሞላ ለማለት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ጠይም ሞላ ስለነበረ፣ የሱ መልክ ደግሞ የቀላ ስለሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀዩ ሞላ እየተባለ አደገ። ግማሹን ዕድሜውን ያደገው በጌድዮን እናት በእትዬ የምስራች ቤት ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት እትዬ ከጌድዮን ጋር እኩል አጥብተውታል። "እማዬ" ይላቸዋል፣ እንደ ልጃቸውም "አንቺ" ይላቸዋል።

እትዬ የምስራች በመቱ ገበያ ኩታና ነጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የሰው ፊት አይቼ ሆዱን አውቃለሁ ይላሉ። ለጨርቅ ዓይን አላቸው፤ የፈትሉን ጉድለት ገና ሳይነኩት ይለዩታል። ለሰው ግን እንደዚያ አልነበሩም። ይህን የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም።

ቡና በሚለቀምበት ወር ጌድዮን ከጎሬ ወደ መቱ ቁልቁል ሲወርድ መኪናው እጥፋቱ ላይ አልታዘዝ አለው፤ ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ። ብቻውን ነበር፣ ተመስገን። እግሩና መንጋጋው ግን ተሰብሯል። እትዬ ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸው ገና በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ነው፣ አፉ ደም በደም ሆኗል። ሲያያቸው እጃቸውን ጭብጥ አደረገ።

"ቀዩ ሞላ…" አለ።

"ምን? ምን አልክ ልጄ?"

"ቀዩ ሞላ ነው የጣለኝ… ንገሩት…"

"በቃ እትዬ፣ እንዲናገር አያድርጉት" አለች ነርሷ በየነች፣ አልጋውን ወደ ውስጥ እየገፋች። ሲወጣ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም።

እትዬ "ንገሩት" የምትለዋን ቃል ልብ አላሏትም። የያዙት የመጀመሪያዎቹን ቃላት ነው። እነሱ ደግሞ በቂ ነበሩ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ጓደኛሞች ተኳርፈው ነበር። ዋቁማ የሚባል የሰፈራቸው ልጅ ከቡሬ ሙሽሪት ሊያመጣ ነው። ሙሽራውን ጭኖ ሰልፉን የሚመራው ማን ነው በሚለው ጌድዮንና ሞላ ገበያ መሃል እስከ መሰዳደብ ደርሰዋል። አሁን ጌድዮን አልጋ ላይ ነው። የሚመራው ማን ሆነ? ሞላ።

አንዴ ከተጠራጠሩ በኋላ የማያስጠረጥር ነገር ጠፋ። ሞላ በዚያው ማታ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሆስፒታል መጣ፤ ዓይኑን ከኔ ሊደብቅ ነው አሉ። መነጽሩን ሲያወልቅ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጥፋት ያለበት ሰው እንቅልፍ የት ያገኛል አሉ። አለቀሰ፤ የአዞ እንባ። ማልቀሱን ተወ፤ ድሮስ ከልቡ መቼ አለቀሰና። ጌድዮን በታሰረ ጥርሱ መሃል "ሞ… ሞ…" ሲል ግንባሩን እያሻሹ "ዝም በል ልጄ፣ አውቄዋለሁ። ልክ አስገባዋለሁ" ይሉታል። ልጁ ራሱን በኃይል ይነቀንቃል። ሐኪሙ እንዳትናገር ስላለው፣ እናቱም አውቄያለሁ ስላሉት፣ ደክሞት ይተወዋል።

ይሁን እንጂ እትዬ ፍርደ ገምድል መባል አልፈለጉም። ምስክር ፈለጉ። የተጨራመተችው ፒክአፕ ወደተጎተተችበት፣ ወደ ሁንዴሳ ጋራዥ ሄዱ።

ሁንዴሳ ገና ከበር ሲያያቸው ደነገጠ። ሞላዎቹን የገጠመው እሱ ነው። የተሰበረውን ፈትቶ አይቶ፣ እዚያው የዛገ ብረት መሃል ወርውሮታል። ጋራዡን ያዘጉብኛል ብሎ ፈርቷል።

"ሁንዴሳ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄን ማን ነው ለዚህ ያበቃው?"

"እትዬ፣ ዋቃ ያውቃል፣ እኔ የለሁበትም" አለ፣ እጁን በቆሻሻ ጨርቅ እየጠረገ። "እኔ ያመጡልኝን ነው የገጠምኩት። የሞላ ጣጣ ነው።"

"የሞላ?"

"ኤዬ፣ አዎ። ለሰው ግን እንዳይነግሩብኝ።"

"ቀዩ?"

"ቀዩ ነዋ! ሌላ ምን አለ?"

"ሌላ ማን አለ" ሳይሆን "ሌላ ምን አለ" ማለቱን እትዬ ልብ አላሉም። እሱም እንዴት እንደተረዱት አልጠየቀም፤ በሱ ላይ ስላልጮሁ ብቻ ደስ ብሎት በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሞላ ቤት ሄዱ። ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

"እማዬ፣ ግቢ እንጂ" አላቸው ሞላ፣ ወንበር እየሳበ።

"እማዬ አትበለኝ!" አሉ። እሳት ለብሰዋል። "ከዛሬ ጀምሮ እናትህ አይደለሁም። የጠባኸው ጡት ይፍረድብህ!"

"ምን አድርጌ?"

"ምን እንዳደረግህ አንተ ታውቃለህ። ሆስፒታሉም በር ላይ እንዳላይህ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ክሱን አልነገሩትም። ቢነግሩት አንድ ቃል ይመልስላቸው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ወንበር ላይ ያልቅ ነበር። ተጠራጣሪ ሰው ግን ጥርጣሬውን እንደ ደህና ዕቃ ነው የሚደብቀው፤ ሌላ ሰው ከነካው ይረክስበታል። ሞላ በበኩሉ እናቴ የተቆጣችኝ በሰርጉ ጠብ ነው ብሎ አመነ። ሰፈሩ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከሞላ ጋር መቀመጥ ቀነሰ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት እትዬ ለጌድዮን አጥሚት ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የፊቱ እብጠት ጎድሏል፣ በታሰረ ጥርሱም ቢሆን አሁን ቃሉ ይሰማል። በመስኮቱ በኩል የመኪና ጡሩምባ መጣ። አጃቢዎቹ ሙሽራውን ይዘው ወደ ቡሬ ከመውጣታቸው በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ ከተማዋን እየዞሩ ነው። ጌድዮን ከትራሱ ቀና አለ።

"ማነው የሚነዳው? ፊት ያለውን?"

"ያው ያ ጠላትህ ነዋ። አንተን ጥሎ እሱ መሪ ሆነ።"

"የትኛው ጠላት?"

"ሞላ! ቀዩ ሞላ ነው የጣለኝ አላልክም?"

ጌድዮን አፍጥጦ አያቸው።

"የመኪናው ሞላ ነው ያልኩሽ" አለ፣ ቃሉን በጥርሱ መሃል እየገፋ። "ብረቱ! ቀዩ ብረት! ፍርክስ ብሎ ተሰበረ፣ ጎማው ተጣመመብኝ። የሱም መኪና ያው ነው ያለው። ንገሩት ብዬሽ ነበር… አልነገርሽውም?"

አጥሚቱ ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ የምስራች በሕይወታቸው እንደዚያ ደንግጠው አያውቁም። ያ ቁልቁለት፣ ያ እጥፋት፣ ፊት ወንበር ላይ ሙሽራው፣ ከኋላ በጭነቱ ቦታ ቆመው የሚጨፍሩ ሚዜዎች፣ መሪውን የያዘው ደግሞ ያጠቡት ልጅ። ነጠላቸውን ሳይለብሱ፣ በእጃቸው እየጎተቱ ሮጡ። እየሮጡ ደወሉ። ሞላ ወዲያው አነሳ፤ ትታረቀኛለች ብሎ ሲጠብቅ ነበር።

"አቤት!"

ከበሮው፣ ጡሩምባው፣ ጭብጨባው ውስጥ የሰማው ይህን ብቻ ነው፦

"ሞላ ይሰበራል! ዛሬ ይሰበራል! ስማኝ፣ ሞላ ይሰበራል!"

ሞላ "እሺ" አለ በቀጭን ድምፅ፣ ስልኩንም ዘጋው። መልሰው ሲደውሉ አይሠራም።

እትዬ ስልኩን አዩት። ምን እንዳሉት ገባቸው። በሰርጉ ቀን፣ በእናት አፍ፣ እርግማን። ባጃጅ ጠሩና "ወደ ጎሬ መውጫ! ሳይቀድሙን!" አሉ።

እትዬ ቀደሟቸው። የመቱ ሰው ሰርግ ሲያጅብ ከተማው ሁሉ ካላየው አይወጣም፤ አጃቢዎቹ ዋናውን መንገድ ደጋግመው ሲመላለሱ ነው እትዬ የደረሱት። አስፋልቱ መሃል ቆሙ። በአበባ ያጌጠችው ፒክአፕ ሆዷ መሬት ሊነካ እየደረሰ መጣች፣ ጡሩምባዋን ነፋች፣ አልተንቀሳቀሱም። ቆመች።

"እትዬ፣ ምነው በሰርጌ ቀን!" አለ ዋቁማ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ።

"በልጇ ነገር አእምሮዋ ተነክቷል" አለ ከኋላ አንዱ።

ሞላ ወረደ። ልብሱ አዲስ ነው፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"አንተ አይደለህም ያልኩት" አሉ እያለከለኩ። "የመኪናው ሞላ ነው የሚሰበረው! ጌድዮንን የጣለው እሱ ነው። አትንዳው!"

ሞላ ዞር ብሎ አጃቢዎቹን አየ፣ መልሶ እሳቸውን አየ። ያን ዓይን እትዬ ያውቁታል፤ ሰሞኑን በሙሉ እሳቸው እሱን ሲያዩበት የነበረው ዓይን ነው።

"ጌድዮን ስላልመራ እኔም እንዳልመራ ነው" አለ። "ገብቶኛል። ይልቀቁን።"

እትዬ የምስራች፣ ገበያው ሁሉ ተነስቶ የሚቀበላቸው ሴት፣ ከፊት ጎማው ስር አስፋልቱ ላይ ተጋደሙ። ከመንገዱ ዳር የነበሩ ሴቶች ጮኹ። እትዬ ከተጋደሙበት ሆነው ከኋለኛው መኪና የወረዱትን ሰዎች ሲያዩ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ራሱን ከሰው ጀርባ ሲሸሽግ አዩ።

"ሁንዴሳ! ና! አንተ ነህ የገጠምከው፣ አንተ እይ!"

ሁንዴሳ ማምለጫ አጣ። በሰርግ ሱሪው ተንበረከከ፣ የስልኩን መብራት ወደ ጎማው ውስጥ አበራ፣ እጁን ሰደደ። እጁ እዚያው ቀረ። ማንንም ሳያይ "ተሰንጥቋል" አለ። "ዙሪያውን ተሰንጥቋል። የያዘው ቀለሙ ነው። ከጎሬ መልስ ቁልቁለቱ ላይ ይሰበር ነበር… ይቅር በሉኝ። የጌድዮንን ሳየው ለሞላ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ።"

ጭፈራው ቆመ። ሚዜዎቹ አንድ በአንድ ከኋላ ወረዱ፤ ዋቁማን ሌላ መኪና ውስጥ አስገቡት። ሙሽራ አይዘገይምና አጃቢው በጥድፊያ ሄደ። ጡሩምባ የነፋ ግን አልነበረም። መንገዱ ላይ አበባ የለበሰችው ፒክአፕ፣ እትዬና ሞላ ቀሩ።

ሞላ ከአስፋልቱ ደግፎ አነሳቸው።

"'ምን እንዳደረግህ አንተ ታውቃለህ' ያሉኝ ይሄንን ነበር?" አለ። ገና አሁን ነው የገባው። "ጌድዮንን ልገድል ሞክሬ?"

"ልጄ…"

"አምነው ነበር?"

ተሳስቼ ነው ማለት ይቻል ነበር፣ ሰው ነግሮኝ ነው ማለትም ይቻል ነበር። ያ ልጅ ግን ከዓይናቸው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

"አምኜ ነበር" አሉ።

ሞላ ራሱን ነቀነቀ። የወደቀ ነጠላቸውን አንስቶ አቧራውን አራገፈና ትከሻቸው ላይ በደንብ አደረገላቸው። ባጃጁን ጠርቶ "ሆስፒታል አድርስልኝ፣ ቀስ ብለህ" አለው። ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። እትዬ እጁን አልለቅም አሉ፤ አንዲት ቃል፣ "እማዬ" የምትለዋን፣ እየጠበቁ ነው።

"አተረፉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለ ዝቅ ብሎ። "ጌድዮንን ሰላም ይበሉልኝ።"

እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና ወደ መኪናው ተመለሰ። ገበያው ሁሉ እርስዎ ሲላቸው የኖሩ ሴት፣ አክብሮት እንዲህ እንደሚያም አያውቁም ነበር። ባጃጁ ውስጥ ሆስፒታል እስኪደርሱ አለቀሱ።